ሙሉ የቅርጽ ለውጥ ምንድን ነው? ሞናርክ ቢራቢሮና ጥቁርና ቢጫዋ ሸረሪት

ሙሉ የቅርጽ ለውጥ (ሜታሞርፎሲስ) ብዙ ነፍሳት በእንቁላል፣ በእጭ (በቢራቢሮ አባጨጓሬው ነው)፣ በፑፓ (ሳይበላ ተሸፍኖ የሚለወጥበት ደረጃ) እና በክንፋም ደረጃ አልፈው የሚያድጉበት መንገድ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ይህ ለውጥ ከሌለው ፍጥረት ጋር ሲነጻጸር ነው። በሰሜን አሜሪካ ጓሮዎች ሞናርክ ቢራቢሮና አርጂዮፔ አውራንሺያ የምትባለው ጥቁርና ቢጫ ሸረሪት ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ሞናርክ እንቁላሏን የምትጥለው ሚልክዊድ በተባለ ወተታም ተክል ላይ ነው። አባጨጓሬው ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ሁለት ሳምንት ገደማ ቅጠል እየበላ ቆዳውን 4 ጊዜ ይቀይራል፤ በ5ኛው ግን ከቆዳው ሥር አረንጓዴ ፑፓ ይወጣል። ኤክዳይሶን የተባለው ሆርሞን ቆዳ እንዲቀየር ሲያደርግ፣ ጁቨናይል ሆርሞን አባጨጓሬውን በእጭነት ያቆየዋል፤ ይህኛው ሲቀንስ ለውጡ ይጀምራል። አባጨጓሬው ፑፓ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ እንደ አዲስ ይሠራል የሚባለው ትክክል አይደለም። ብዙ ጡንቻ ይፈርሳል፤ የክንፍ ጅምር ሕዋሳት ግን አስቀድመው በውስጡ አሉ፤ የነርቭ ሥርዓቱም እየተስተካከለ ይቀጥላል።

ከ8 እስከ 15 ቀን ቆይታ ቢራቢሮዋ ስትወጣ ክንፏ የተጨማደደ ነው። ተንጠልጥላ ከሆዷ ፈሳሽ እየገፋች ትዘረጋዋለች። በዚህ ሰዓት ብትወድቅ ወይም ቦታ ቢጠባት ክንፉ እንደታጠፈ ይደርቃል። ዳግም ቆዳ ስለማትቀይር አይቃናም።

ሸረሪቷ ነፍሳት አይደለችም፤ ፑፓም የላትም። አንዱ የእንቁላል ከረጢቷ እስከ 1,000 እንቁላል ሊይዝ ይችላል። ግልገሎቹ ከብርዱ በፊት ተፈልፍለው በረዶውን እዚያው ያሳልፋሉ፤ ሲሞቅ 8 እግር ይዘው እናታቸውን መስለው ይወጣሉ። ከዚያ ወዲያ የሚያድጉት ቆዳ እየቀየሩ ነው። ሴቷ እስከ 28 ሚሊ ሜትር ስትደርስ ወንዱ ከ9 ብዙም አያልፍም። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ሸረሪት እግሯ ቢቆረጥ በሚቀጥለው ቅያሪ አጠር ያለ አዲስ እግር ሊወጣላት ይችላል፤ ቢራቢሮዋ ይህ ዕድል የላትም።

የሙሉ ለውጥ ትልቁ ጥቅም ግን በምግብ ላይ ነው፤ አባጨጓሬው ቅጠል ያኝካል፣ ቢራቢሮዋ የአበባ ወለላ ትመጥጣለች፤ አይሻሙም። ሸረሪቷ ዕድሜዋን ሁሉ አዳኝ ናት፤ የሚለወጠው የታዳኙ መጠን ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሞናርክ ዘመድ ዳናውስ ክሪሲፐስ አለች። አባጨጓሬዋ በነጭ፣ በጥቁርና በቢጫ የተዥጎረጎረ፣ 3 ጥንድ ጥቁር ቀንድ መሰል ክሮች ያሉት ነው። በቆላ እንደ ካሎትሮፒስ ያሉ ወተታም ተክሎችን ቅጠል ገልብጦ መፈለግ ይቻላል፤ ወተቱ ዓይን ይጎዳልና እጅን ሳይታጠቡ ፊት መንካት አያስፈልግም።