አምስት ኮከብ የሚገባው ፊልም ምን ዓይነት ነው?

ለፊልም ኮከብ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የኒውዮርኩ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ኮከብ መስጠት ሲጀምር ጣሪያው ሦስት ነበር። ዛሬ አንዱ ከአራት ይሰጣል፣ ሌላው ከአምስት፣ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ከአሥር። ቁጥሩ ብዙም ለውጥ አያመጣም። የሚያከራክረው አንድ ፊልም ጣሪያውን ለመንካት ምን ማሟላት አለበት የሚለው ነው።

መጀመሪያ የሚምታቱትን ነገሮች እንለይ። የሃያሲዎችን ግምገማ የሚሰበስበው ድረ ገጽ፣ ሮተን ቶሜቶስ ላይ የምናየው ፐርሰንት የፊልሙ ማርክ አይደለም። ከሃያሲዎቹ መካከል ምን ያህሉ ፊልሙን እንደወደዱት ብቻ ነው የሚነግረን። ሁሉም «ደህና ነው፣ ይታያል» ካሉ 100 ፐርሰንት ያገኛል። «ድንቅ ነው» ያለ አንድም ሰው ግን ላይኖር ይችላል። ግማሹ ያበደለት፣ ግማሹ ደግሞ የጠላው ፊልም 50 ላይ ይቀራል። እኔ ብሆን ይሄኛውን ነው የማየው። አይኤምዲቢ የተባለው የፊልም ድረ ገጽ ላይ ያለው ደግሞ ከብዙ ተመልካቾች ድምፅ የተሠራ አማካይ ነው። ሁለቱም ለቅዳሜ ማታ ፊልም ለመምረጥ ይረዳሉ። ስለ አምስት ኮከብ ስናወራ ግን የምናወራው ስለ አንድ ሰው ፍርድ ነው። ፈራጁም ምክንያቱን መናገር አለበት።

ምክንያቱን በደንብ ከሚናገሩት አንዱ አሜሪካዊው ሮጀር ኢበርት ነበር። ከ1967 ጀምሮ በ2013 እስኪሞት ድረስ ቺካጎ ሰን ታይምስ ላይ ስለ ፊልም ጽፏል። የሱ ጣሪያ አራት ኮከብ ነው። ኮከብ አንጻራዊ ነው ብሎ ያምን ነበር። የጀብዱ ፊልም የሚመዘነው ከጀብዱ ፊልሞች ጋር ነው እንጂ ከከባድ የቤተሰብ ድራማ ጋር አይደለም። ያም ሆኖ የሰርጂዮ ሊዮኔን «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲገመግም ከአራት በታች ሰጠው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ፊልሙን ከታላላቆቹ ተርታ ሲያሰልፈው የድሮ ጽሑፉን መለስ ብሎ አነበበ። እዚያ የገለጸው ባለ አራት ኮከብ ፊልም ነበር። ለምን ቀነሰ ታዲያ? ጣሊያኖች የሠሩት የካውቦይ ፊልም ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ሳይሆን አልቀረም፣ እንደራሱ አባባል።

ይህ ንቀት እኛም ጋ አለ። የአማርኛ ኮሜዲ ስናይ «ያስቃል፣ ግን ያው ኮሜዲ ነው» እንላለን። ስለ ስደት ወይም ስለ ጦርነት ከሆነ ደግሞ ገና ሳናየው ኮከብ እናዘንብለታለን። የጉዳዩ ክብደት ግን የፊልሙ አይደለም። ሳቁ ከገጸ ባሕሪዎቹ ጠባይ የሚመነጭ፣ ትርፍ ትዕይንት የሌለው፣ መጨረሻው ላይ ምክር ለመስጠት የማይቆም ኮሜዲ ቢመጣ እኔ አምስት ለመስጠት አላመነታም።

ከፍተኛ ነጥብ ማለት እንከን የለሽ ማለትም አይደለም። እንከን የሌለው ፊልም ብዙ ጊዜ ምንም ያልደፈረ ፊልም ነው። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እንውሰድ። በ2008 የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ወስዷል። ከሁለት ሰዓት በላይ ይረዝማል። ጊዜው ወደፊትና ወደኋላ ይዘላል፣ ተመልካቹ መሃል ላይ ይጠፋዋል። ታሪኩን በቅደም ተከተል ቢያስቀምጡት ይቀል ነበር የሚል አይጠፋም። ይቀላል፣ ግን ሌላ ፊልም ይሆናል። ዋናው ገጸ ባሕሪ አንበርብር ከጀርመን ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ ትዝታው የተሰባበረ ሰው ነው። ፊልሙም እንደሱ ትዝታ ተሰባብሮ ይመጣል። ግራ የገባን እሱ ግራ የገባው ቦታ ላይ ነው። የአሠራሩ መንገድና የሚናገረው ነገር እንዲህ አንድ ሲሆኑ ለእኔ የአምስት ኮከብ ዋናው ምልክት ነው። ርዝመቱን ይቅር እለዋለሁ።

ሌላው መፈተኛ ጊዜ ነው። የእንግሊዙ ሳይት ኤንድ ሳውንድ መጽሔት በየአሥር ዓመቱ ሃያሲዎችን ምርጡ ፊልም የቱ ነው እያለ ይጠይቃል። የ1941ዱ «ሲቲዝን ኬን» በመጀመሪያው፣ በ1952ቱ ምርጫ ከአሥሩ ውስጥ እንኳ አልገባም። ከ1962 እስከ 2002 ግን አንደኛነቱን የነካው የለም። በ2012 «ቨርቲጎ» አወረደው፣ በ2022 ደግሞ የሻንታል አከርማን «ዣን ዲየልማን» አንደኛ ሆነ። የመጨረሻው የተሠራው በ1975 ነው። ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ጠበቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሲኒማ ቤት በር ላይ በሙቀቱ የሚሰጥ አምስት ኮከብ ብዙ አላምንም። ሙዚቃው ገና ጆሯችን ውስጥ ነው፣ ተዋናዩን እንወደዋለን፣ ከጎናችን የነበረው ሰው አልቅሷል። እኔ በጣም የወደድኩት ፊልም ላይ መጀመሪያ አራት ተኩል ሰጥቼ አቆየዋለሁ። የቀረችውን ግማሽ የምጨምረው መጨረሻውን እያወቅሁ እንደገና ሳየው፣ ስልኬን አንዴም ካልነካሁ ነው።