ሬጌ ብቻ አይደለም፦ ስለ ክሪዮል ደሴቶች ሙዚቃ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የካሪቢያን ወይም የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ባህር፣ ዘንባባ እና ቀለል ያለ የጭፈራ ዘፈን ነው። ክሪዮል ደሴቶች የምላቸው በቅኝ ግዛት ዘመን ከተለያየ አገር የመጡ ሰዎች ተቀላቅለው ክሪዮል የሚባል አዲስ ቋንቋና ባህል የፈጠሩባቸውን ነው። ሙዚቃቸውን ከልቤ ስለምወደው ታሪኩ እንዲህ መቅለሉ ያንገበግበኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አራት የተሳሳቱ አመለካከቶች ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የደሴት ሙዚቃ ማለት ሬጌ ነው»

ለእኛ እንዲህ ቢመስለን አይገርምም። ሻሸመኔ አለች፣ ራስ ተፈሪያኑ አሉ፣ ጃንሆይ በኤፕሪል 1966 ኪንግስተን ሲገቡ የተደረገላቸው አቀባበል ዛሬም ይወራል። ሬጌ ግን የጃማይካ ነው። ትሪኒዳድ ካሊፕሶ አላት፣ ሄይቲ ኮምፓ፣ ማርቲኒክና ጓዴሉፕ ዙክ፣ ኬፕ ቨርዴ ሞርና፣ ሞሪሺየስ ሴጋ። አንዱን ከሌላው ማምታታት የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ሃሪ ቤላፎንቴ በ1956 «ካሊፕሶ» ብሎ ባወጣው አልበም ላይ ዓለም የያዘለት ዘፈን የጃማይካ ሙዝ ጫኞች ዘፈን ነው።

«ክሪዮል የተሰባበረ ፈረንሳይኛ ነው»

እኛ በላሁ፣ በላሽ፣ በላ እያልን ግሱን እንለዋውጣለን። በሄይቲ ክሪዮል «ማንጄ» (መብላት) ለማንም አይለወጥም። ጊዜውን የምትነግርህ ከፊቱ የምትገባ ትንሽ ቃል ናት። «ምዌን አፕ ማንጄ» እየበላሁ ነው፣ «ምዌን ቴ ማንጄ» በልቼ ነበር። የራሱ ሥርዓት ያለው ሰዋስው ነው። የሄይቲ ሕገ መንግሥትም በ1987 ከፈረንሳይኛ እኩል ይፋዊ ቋንቋ አድርጎታል። በ1979 የተመሠረተው የዙክ ባንድ ካሳቭ የፓሪስን ትልልቅ አዳራሾች የሞላው በክሪዮል እየዘፈነ ነው።

«ስቲልፓን ከአፍሪካ የመጣ ጥንታዊ ከበሮ ነው»

ስቲልፓን ከበርሜል የሚሠራ የትሪኒዳድ የብረት መሣሪያ ነው። መንፈሱ ከአፍሪካ ነው ቢባል አዎ፣ መሣሪያው ግን አይደለም። በ1880ዎቹ የእንግሊዝ ገዥዎች በትሪኒዳድ ከበሮ ከለከሉ። ሰዉ ቀርከሃ ቆርጦ መሬት ላይ እየመታ ምቱን አቆየው። በ1930ዎቹ የብስኩት ጣሳና የቆሻሻ በርሜል ተጨመረ፣ ቀጥሎ ባዶ የነዳጅ በርሜል መጣ። የበርሜሉን ግንባር በመዶሻ ጎድጎድ አድርገው እያንዳንዷን ቦታ ለአንድ ድምፅ ቃኟት። የድሃ ሰፈር ልጆች ናቸው ይህን የፈጠሩት። በ1951 ከመካከላቸው የተመረጡ ተጫዋቾች ለንደን ሄደው ሲጫወቱ፣ ያ ድምፅ ከበርሜል መውጣቱን ብዙ ሰው ማመን አቃተው።

«ለመዝናኛ የተሠራ ሙዚቃ ነው»

ይህን የሚል ሰው በሕንድ ውቅያኖስ ያለችውን የፈረንሳይ ደሴት የሬዩኒየንን ሙዚቃ፣ ማሎያን፣ አልሰማም። ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ ተግዘው የመጡ ባሮች በሸንኮራ አገዳ እርሻ ውስጥ የወለዱት ነው። ሲመሽ ለሞቱ አባቶቻቸው ይዘፍኑት ነበር። በኋላ በኮንትራት የመጡት የሕንድ ሠራተኞችም የራሳቸውን ጨመሩበት። መሣሪያው ካያምብ የሚሠራው ከአገዳው አበባ ዘንግ ነው፣ ውስጡ የደረቀ ፍሬ አለ። እንደ ወንፊት በሁለት እጅ ይዘው ያናውጡታል። ያደከማቸውን ተክል ራሱን ዘፈን አደረጉት። ምቱ በስድስት ይቆጠራል። ከችክችካ ጋር ይዛመዳል እያልኩ አይደለም፣ ግን ትከሻችን ቶሎ ይለምደዋል።

የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ማሎያን ለረጅም ጊዜ አፍነውታል። በተለይ የደሴቲቱ ኮሚኒስት ፓርቲ መድረኩ ላይ ካወጣው በኋላ እንደ ፖለቲካ ይታይ ነበር። ፊርማን ቪሪ የተባለው አገዳ ቆራጭ ግን ዝም አላለም። በ1981 ፓሪስ ላይ መንግሥት ሲለወጥ ማሎያ አደባባይ ወጣ፣ በ2009 ዩኔስኮ መዘገበው። ባርነት በደሴቲቱ የተሻረው በዲሴምበር 20 ቀን 1848 ነው። ዛሬም በየዓመቱ ያ ቀን ሲመጣ ሩሌር የሚሉት ትልቅ ከበሮ መሬት ላይ ይጋደማል፣ መቺው ይቀመጥበታል፣ ካያምቡ ይነሳል፣ እስኪነጋ ይዘፈናል።