ማላም ኮቭ ምንድን ነው?

ማላም ኮቭ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሺር ዴልስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኝ ትልቅ የኖራ ድንጋይ ገደል ነው። ቁመቱ 80 ሜትር፣ ስፋቱ ደግሞ 300 ሜትር ገደማ ይሆናል። መሀሉ ወደ ውስጥ ስለገባ ከሥሩ የቆመ ሰው ግራ ቀኙ ድንጋይ ብቻ ነው።

ከ300 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ይህ ቦታ ሞቃታማ ባሕር ነበር። የባሕር እንስሳት ዛጎል ከሥር እየተከማቸ ድንጋይ ሆነ። ገደሉን የቀረጸው ግን ውሃ ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ፣ ከ12,000 ዓመት በፊት፣ ከግግር በረዶ የቀለጠው ውሃ በዚህ ጫፍ ላይ ፏፏቴ ሆኖ ይወርድ ነበር።

ዛሬ ፏፏቴው የለም። ውሃው የት ገባ? ድንጋዩ ውስጥ! ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስድ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ ያሟሟል። ስንጥቁ እየሰፋ ሄዶ ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል። ከገደሉ በላይ ካለው ማላም ታርን ከተባለ ሐይቅ የሚወጣው ጅረት ትንሽ እንደሄደ መሬት ውስጥ ይጠፋል። ከገደሉ ሥር ደግሞ ሌላ ጅረት ይፈልቃል። ያየ ሁሉ “ያው አንድ ውሃ ነው” ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ውሃው ላይ ቀለም ጨምረው ሲከታተሉት፣ የሐይቁ ውሃ በአብዛኛው ብቅ የሚለው ማላም ከተባለው መንደር በታች ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ውሃዎች ከመሬት በታች ተላልፈው ያልፋሉ። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ዴዝመንድ የተባለው ማዕበል ዶፍ ሲያወርድ ከመሬት በታች ያሉት የውሃ መተላለፊያ ዋሻዎች ውሃውን መቻል አቃታቸው። ፏፏቴውም ለጥቂት ሰዓታት ተመልሶ ወረደ።

አናቱ ላይ ለመውጣት 400 ያህል የድንጋይ ደረጃ አለ። እዚያ ሜዳው ሁሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ በመሀል በመሀሉ ጥልቅ ስንጥቆች አሉ። ጎንበስ ብላችሁ ወደ አንዱ ስንጥቅ ተመልከቱ። በግ የማይደርስበት፣ ነፋስ የማይነካው፣ እርጥብና ጥላ የሆነ ቦታ ነው። ፈርን የሚባሉት ለምለም ተክሎች እዚያ ውስጥ ይበቅላሉ። ዝናብ ከዘነበ ግን ድንጋዩ ክፉኛ ያንሸራትታል፤ እግራችሁን አደራ።

በእንግሊዝ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ለጓሮ አትክልት ማስዋቢያ እየፈነቀሉ ብዙ ቦታ አበላሽተዋል። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ይህንን የሚከለክል ትእዛዝ እንዲወጣ በር ከፈተ። ገደሉ ላይ ጭልፊቶችም ጎጆ ይሠራሉ። እንቁላል ጥለው ጫጩት በሚያሳድጉበት ወቅት ገደል ወጪዎች ከጎጆው አካባቢ ርቀው እንዲቆዩ ይጠየቃሉ።