ባለ ሁለት ዘመን ሳይንሳዊ ልቦለድ በሐዋሳ አንባቢ እጅ

ከፊልም ወይም ከቴሌቪዥን ተከታታይ ተነስቶ የሚጻፍ ልቦለድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በስክሪን የታየውን ታሪክ እንዳለ ወደ መጽሐፍ ያመጣል፤ ሌላው ገጸ ባሕርያቱንና ዓለማቸውን ተውሶ ያልታየ ታሪክ ያወራል። ሁለት ዘመን እያፈራረቀ የሚተርከው አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው። በተለመደው አሠራር አንዱ የታሪክ መስመር ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ጊዜ ይይዛል፣ ሌላው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ያለውን። መሃሉ አንባቢው ያውቀዋል ተብሎ ይዘለላል። ስለዚህ ፊልሙን ጨርሶ ያላየ ሰው ግራ ቢጋባ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ሐዋሳ ውስጥ እነዚህን መጻሕፍት አዲስ ሆነው ማግኘት ይከብዳል። ከአሮጌ መጻሕፍት ክምር ይለቀማሉ፣ ካልሆነም በስልክ ይነበባሉ። አሮጌ ቅጂ ሲገዛ ከሽፋኑ ይልቅ የፊት ገጾቹን መፈተሽ ይበጃል። ስታር ትሬክ ከተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ የተነሱ ብዙ ልቦለዶች ታሪኩ የትኛው ጊዜ ላይ እንደሚውል የሚናገር አጭር ማስታወሻ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት አላቸው፤ ከስታር ዋርስ ፊልሞች የተነሱ ብዙ መጻሕፍትም የዘመን ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ችግሩ፣ በሙጫ ብቻ የተያያዘ የኪስ መጽሐፍ ሲያረጅ ቶሎ የሚረግፉት የዳር ገጾቹ ናቸው። ገጹ ከጎደለ ቢያንስ የኅትመቱን ዓመት ከጀርባው ሽፋን ወይም ከሻጩ አጣርቶ መያዝ ነው፤ ጥቅሙ ኋላ ይታያል።

የምዕራፍ ራስጌ ላይ ያለን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ መድከም አያስፈልግም። ከዓመቱ ቁጥር ይልቅ የሚጠቅመው በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ አንዱ 2151 ሌላው 2163 ካለ፣ 12 ዓመት ብሎ መያዝ ይበቃል። ሰዓት ግን ያታልላል። በወታደራዊ አጻጻፍ 0600 ማለት ንጋት 12 ሰዓት ነው፤ በእኛ ስድስት ሰዓት ብሎ ያነበበ የንጋቱን ጥቃት እኩለ ቀን ላይ ያደርገዋል። የስታር ዋርስ ዓመታት መነሻቸው በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ ያለው የያቪን ውጊያ ነው። ከውጊያው በፊት ያሉት ዓመታት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት እንዳሉት፣ ወደ ኋላ ይቆጠራሉ፤ 19 ከ10 ይቀድማል። የመጀመሪያው የስታር ትሬክ ተከታታይ (1966–1969 እ.ኤ.አ.) የኮከብ ቀን፣ ማለትም በቀን ፋንታ የሚሰጠው ቁጥር፣ ደግሞ ወጥ ቅደም ተከተል ስለሌለው፣ የዚያን ዘመን ቁጥሮች እያነጻጸሩ የቱ ቀደመ ማለት አያዋጣም።

ዘመኑን ለመለየት ከቀኑ ይልቅ የሚታመነው ምልክት ማዕረግ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የጠፈር መርከብ ታሪኮች በአብዛኛው የባሕር ኃይል ማዕረግ ይጠቀማሉ። የባሕር ኃይል ካፒቴን በምድር ጦር ኮሎኔልን ያክላል፤ ከሥሩ ያለው ኮማንደር ሌተና ኮሎኔል ነው። ካፒቴንን እንደ ምድር ጦሩ ሻምበል አድርጎ የያዘ አንባቢ፣ በአንዱ መስመር ኮማንደር የነበረችው ሴት በሌላው ካፒቴን ስትባል ዝቅ የተደረገች ይመስለዋል፤ ከዚያ ቀድሞና አሁን ይገለባበጡበታል። ከማዕረግ ቀጥሎ ጠባሳ፣ የጠፋ እጅ፣ የሞተ ጓደኛ ይረዳሉ።

ለዚህ ሁሉ ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ለሁለት ከፍሎ በግራ «ቀድሞ»፣ በቀኝ «አሁን» ብሎ፣ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር አንድ መስመር ብቻ መጻፍ፦ «ምዕ. 7፣ ጣቢያው፣ ኮማንደር፣ ቁልፉ በእሷ እጅ»። መጨረሻ ላይ መጻፍ ያለበት በሁለቱም ዘመን ብቅ የሚል ነገር ነው፤ ቁልፍ፣ መልእክት፣ የመርከብ ስም። ደራሲው ሁለቱን የታሪክ መስመሮች የሚያስተሳስረው አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ነው። ከአንድ መስመር በላይ የሚጽፍ ሰው አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ይሰለቸዋል። ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ከሆነ ወረቀቱን መጽሐፉ ውስጥ ትቶ ማለፍ ነውር ነው፤ ለተከታዩ አንባቢ ምሥጢሩን ያወጣበታል።

አንዱን መስመር ለብቻው ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የሚመርጡ አሉ። አይመከርም። የቀድሞው መስመር መጨረሻ ከፊልሙ ይታወቃል፤ ጀግናዋ እንደምትተርፍ ያየነው ነው። ልብ የሚሰቅለው እንዴት ተረፈች፣ ምን ደበቀች የሚለው ነው፤ መልሱም በአሁኑ መስመር ምዕራፎች እየተቆራረሰ ይመጣል። ስለዚህ ንባብ የሚቆመው አንድ የቀድሞና አንድ የአሁን ምዕራፍ ጥንድ ሲያልቅ ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ጥላ ይዞ አንድ ጥንድ ማንበብ፣ ባጃጅ ላይ በአምስት አምስት ደቂቃ ከመቆንጠር በእጅጉ ይሻላል። በሰዓት 30 ገጽ ለሚሄድ ሰው 350 ገጽ መጽሐፍ 12 ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

በስልክ ሲነበብ ሌላ ጣጣ አለ። የቀድሞው ዘመን በዘንባላ ፊደል ታትሞ ከሆነ፣ ፋይሉ ወደ ተራ ጽሑፍ ሲቀየር ዘንባላነቱ ይጠፋና ሁለቱ ዘመን ይቀላቀላል። ኢፐብ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ከተገኘ እሱን መያዝ፣ ከመብራት መጥፋትና ከኔትወርክ መቆራረጥ በፊት አውርዶ ማስቀመጥ፣ መተግበሪያው ምዕራፍ መሃል ላይ ሲከፍት ደግሞ ወደ ራስጌው ተመልሶ ቀኑን ማየት።

መጽሐፉ ከፊልሙ ጋር ቢጋጭ የኅትመቱ ዓመት ይታያል። የስታር ዋርስ ባለቤት ድርጅት ሉካስፊልም በ2014 እ.ኤ.አ. እስከዚያ የወጡትን ልቦለዶች «ሌጀንድስ» በሚል ስም ከዋናው ታሪክ ለይቷቸዋል፤ ከ2015 ጀምሮ የወጡት ፊልሞች አይከተሏቸውም። በስታር ትሬክ ደግሞ ዋና ታሪክ የሚባለው በስክሪን የታየው ነው፤ ልቦለዶቹን የኋለኛ ተከታታይ ሊሽራቸው ይችላል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከራሱ ሁለት መስመሮች ጋር ከተስማማ በቂ ነው።