የበረዶ ቡና በቅመም፦ የጣና ዳር አዘገጃጀት

የበረዶ ቡና ጠንከር ተደርጎ ከተፈላ በኋላ ቀዝቅዞ፣ በረዶ ላይ ተቀድቶ የሚጠጣ ቡና ነው። ቅመም ሲገባበት ደግሞ ለባሕር ዳር ሰው ብዙም አዲስ አይሆንበትም። ኮረሪማው፣ ቅርንፉዱና ጤና አዳሙ ከቡና ጋር ዱሮውኑ ይተዋወቃሉ፤ እንግዳው በረዶው ብቻ ነው። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ፣ ከቀትር በኋላ ከሰል አያይዞ ረከቦት ሥር መቀመጥ ይከብዳል። ይህ መጠጥ የሚመጣው ያኔ ነው።

ቡናውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከከተማው በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬደው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ ገዳማቱን በጥላው የያዘ የቡና ጫካ ነው። በአካባቢው ትውፊት ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ለዘጌ ያስገኙት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፤ በሬ ጠምዶ ማረስም በልማድ የተከለከለ ነው። ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀ የጀንፈል ቡና ለበረዶ ይስማማል፤ ጣዕሙ ወፈር ስለሚል በረዶው ሲሟሟበት ቶሎ አይጠፋም። ቆላው ግን መካከለኛ ይሁን። ያረረ ቡና ትኩሱን ሊጠጣ ይችላል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ምሬቱ ብቻ ይቀራል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቅመሙ ላይ ነው። ቀዝቃዛ መጠጥ ሽታውን በደንብ አይለቅም፤ ምላስም ጣፋጭነትን አሳንሶ ይሰማዋል። የተፈጨ ቀረፋ በቀዘቀዘ ቡና ላይ ቢነሰነስ እንደ አቧራ ተንሳፎ ጉሮሮ ይይዛል እንጂ አይዋሐድም። ስለዚህ ቅመሙ ከበረዶው በፊት፣ በእሳት ላይ ሥራውን መጨረስ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃዋ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቀረፋና ቅርንፉድም ቆየት ብለው መንተክተክ ይወዳሉ።

ለአራት ሰው ግማሽ ሊትር ውሃ፣ 60 ግራም ያህል የተወቀጠ ቡና፣ ጣት የምታህል ቀረፋ፣ ሁለት ቅርንፉድና የግማሽ ኮረሪማ ዘር ይበቃል። ኮረሪማው ተፈልፍሎ ቅርፊቱ ይጣላል፤ ዘሩ በሙቀጫ ሸክሸክ ይደረጋል እንጂ አይልምም። ቅመሞቹ ብቻቸውን አሥር ደቂቃ ያህል ይፈላሉ፤ ከዚያ ቡናው ይገባል። ገንፍሎ ሲመለስ ጀበናው ማቶቱ ላይ ጋደም ብሎ እስኪጠል ይጠበቃል። በጥሩ ማጥለያ ደግሞ ማጥለል ግድ ነው፤ በሲኒ ሥር የሚታለፍ አተላ በበረዶ ብርጭቆ ውስጥ አፍ ይሞላል። ቡናው ከወትሮው እጥፍ ሊደርስ የሚጠነክረው በረዶው ስለሚያቀጥነው ነው።

ስኳሩ ቡናው ትኩስ ሳለ ይገባል፤ በቀዝቃዛ ውስጥ ታች ተኝቶ ይቀራል። መጠኑም ለትኩስ ከለመዱት ትንሽ ከፍ ይላል። ቡናን በጨው መጠጣት የለመደ የገጠር ሰው እዚህም ቁንጥር ቢጨምር አልተሳሳተም፤ ጨው ምሬት ይሰብራል።

እሳት ሳይነካው የሚሠራም አለ። ሻካራ ተደርጎ የተፈጨ ቡና በስምንት እጥፍ ክብደቱ ውሃ ተዘፍዝፎ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ለስላሳና ጎምዛዛነቱ የቀነሰ ይሆናል፤ ውሃው ግን አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ለበረዶውም እንደዚሁ። እኔ የጀበናውን እመርጣለሁ፤ ያደረው ንጹሕ ቢሆንም ኮረሪማው አይናገርበትም።

የካፌው ስፕሪስም ወደ በረዶ ይዞራል። በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በሄል የተፈላ ሻይ ጣፍጦ ይቀዘቅዛል፤ ብርጭቆው ግማሽ ድረስ በሻይና በበረዶ ይሞላል፤ ቡናው በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል። ስኳር ያለበት ሻይ ስለሚከብድ ቡናው ላዩ ላይ ይቆያል።

ጤና አዳም ከሁሉ ይለያል። አይፈላም፤ አንዲት ለጋ ቅንጣቢ በመጨረሻ ብርጭቆው ውስጥ ገብታ ጥቂት ቆይታ ትወጣለች። ረስተው ካሳደሯት መጠጡ መራራ መድኃኒት ይሆናል። ነፍሰ ጡር ሴት ብትተወው ይሻላል።

ለሠርክ እንግዳ የሚያዘጋጅ ሰው የተረፈውን ቡና በበረዶ መሥሪያው ሳጥን ቢያስቀምጥ መብራት ሲጠፋ አይደነግጥም፤ የቡና በረዶ ሲሟሟ መጠጡን አያቀጥንም።

የሙቀቱ ወራትና 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም አብረው ስለሚውሉ ወተት በብዙ ቤት አይታሰብም። ለለውዝ ሻይ የሚሆነው ለውዝ ቦታውን ይይዛል፦ ተቆልቶ፣ ቆዳው ተራግፎ፣ ልሞ በውሃ ይፈላና ይጠለላል፤ ሲቀዘቅዝ ታች ስለሚረጋ በክዳን ጠርሙስ ይናጣል፣ ከዚያም በቡናው ላይ ይፈስሳል።