ከድድ ንቅለ ተከላ በኋላ የላንቃ ቁስል መሸፈኛዎች

የሸሸ ድድ ለመመለስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሁለት ቁስል ይተዋል፤ አንዱ ድዱ ላይ፣ ሌላው ድዱ ላይ የሚተከለው ሥጋ ከተወሰደበት ላንቃ ላይ። የሚያንገበግበው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ፒያሳ ወይም ቸርችል ጎዳና ካለ የጥርስ ክሊኒክ ወጥቶ፣ ጉንጩ እንደደነዘዘ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ማደንዘዣው ሲለቀው ምላሱ ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል።

ሥጋው የሚወሰደው በአብዛኛው ከክራንቻው ጀርባ እስከ መጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ድረስ ካለው ቦታ ነው፤ ውፍረቱም ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከላይ ካለው ሽፋን ጋር አብሮ ከተገፈፈ ላንቃው እንደተላጠ ይቀራል፤ ራሱን እስኪሸፍን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ከውስጥ ብቻ ተወስዶ ሽፋኑ ተመልሶ ከተሰፋ ግን ሕመሙ ቀላል ነው። የመሸፈኛው ነገር በዋናነት የሚነሳው በመጀመሪያው ነው።

ጥንታዊው መሸፈኛ እንደ ሊጥ የሚለጠፈው ዚንክ ኦክሳይድ ነው። የድሮው ዓይነት ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኘው ዩጂኖል ስለነበረበት ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸት ነበር፤ ኮ-ፓክ የሚባለው ግን ዩጂኖል የለውም። ችግሩ ላንቃ ልሙጥ መሆኑ ነው፤ በስፌት ካልታሰረ ይወድቃል። የኮላጅን ወይም የጄላቲን ስፖንጅ ደሙን ያረጋል፤ በላዩ ላይ በተመሳቀለ ክር ይያዛል፤ በኋላም ራሱ ይሟሟል። ለሕክምና የተሠራው ሲያኖአክሪሌት ማጣበቂያም አለ፤ ጫማ የሚጣበቅበት ሱፐር ግሉ ግን እሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ፈረንሳይ ውስጥ የተዋወቀው ፒ አር ኤፍ (በፕሌትሌት የበለጸገ ፋይብሪን) ደግሞ ከታካሚው ክንድ ከተቀዳ ደም ይዘጋጃል፤ ደሙ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከርና የረጋው ቢጫ ክፍል ተጨምቆ እንደ ስስ ሽፋን ይለጠፋል።

ለእንጀራና ለወጥ አገር ከሁሉ የሚመቸው፣ በእኔ ግምት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በአፍ ልክ የሚሠራው የላንቃ ፕላስቲክ ሽፋን ነው። በርበሬም ምላስም ቁስሉን አይነኩትም፤ ለማጠብም ይወልቃል። ከሥሩ ኮላጅን ቢደረግ ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ ለብ ያለ አጥሚት፣ እርጎና አልጫ ነው፤ ቆሎና የሚፋጅ ቡና ይቆዩ። በስትሮ መሳብም ደሙን ይቀሰቅሳል።

ከደማ ንጹሕ እርጥብ ጎዝ አድርጎ 20 ደቂቃ በጣት መጫን ነው፤ በየደቂቃው እያነሱ ማየት ግን የረጋውን ይገፈዋል። ካልቆመ ወደ ሐኪም መመለስ ይገባል። በቀናት ውስጥ የሚታየውን ነጣ ያለ ሽፋን ብዙዎች መግል እየመሰላቸው በጥጥ ይጠርጉታል፤ ደም ሲረጋ የሚፈጠረው ፋይብሪን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ አይነካም። ላንቃው በደንብ ካገገመ ከጥቂት ወራት በኋላ ሐኪሙ ካስፈለገው ከዚያው ቦታ ደግሞ ሥጋ ሊወስድ ይችላል።