ደረቅ አፈር ሙት አፈር ነው? ድርቅና የደን አፈር ባክቴሪያ

በልግ ሲቀር ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቀድሞ የሚነሳው የሰብሉ ነገር ነው፤ ተገቢም ነው። በአጠገባቸው ስላሉት የጦሳና የየጎፍ ተራሮች ደን አፈር ሲወራ ግን ብዙ ስሕተት ይነገራል።

«አፈሩ ሲደርቅ ባክቴሪያው ያልቃል።»
አያልቅም። ባክቴሪያ የሚኖረው በአፈር ቅንጣት ላይ በተለጠፈ ስስ ውኃ ውስጥ ነው። ውኃው ሲቆራረጥ ምግብ ስለማይደርሰው አብዛኛው ሥራ አቁሞ ያንቀላፋል። ባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ስፖር (ድርቅን የሚቋቋም፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው የማንቀላፊያ ቅርጽ) ሠርቶ ይቆያል፤ ሌላው ትሬሃሎስ የተባለ ስኳር በውስጡ ያጠራቅማል።

«ጉዳቱ ለሁሉም እኩል ነው።»
አይደለም። ወፍራም ግድግዳ ያላቸው አክቲኖባክቴሪያዎች ይቋቋማሉ። አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ግን ቶሎ ይዳከማሉ።

«ዝናብ ከጣለ ሁሉም ይስተካከላል።»
ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ለድርቁ የተጠራቀመው ስኳር ዝናብ ሲመጣ ውኃ ይስባል፤ ባክቴሪያው ስኳሩን ቶሎ ካላስወጣ ተወጥሮ ይፈነዳል። የሞተውን የተረፈው ይበላዋል፤ በሰዓታት ውስጥ ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንዴ ያሻቅባል። ኬንያ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ በርች እ.ኤ.አ. በ1958 ስለጻፈበት ክስተቱ በስሙ ይጠራል። አብሮ ናይትሮጅንም ይለቀቃል። የዛፉ ሥር ገና ካልነቃ፣ እንደ ጦሳ ባለ ቁልቁለት ላይ ያ ማዳበሪያ በጎርፍ ይሄዳል።

«የመጀመሪያው ዝናብ ሽታ የአቧራ ነው።»
ያ የአፈር ሽታ በዋናነት ጂኦስሚን ከተባለ ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ ከሚሠሩት አንዱ ስትሬፕቶማይሲስ የተባለው ባክቴሪያ ነው።

«የረገፈ ቅጠል ቢጠረግ ምንም አይጎድልም።»
ለምጣድ ቅጠል የሚጠርግ ሰው ቸግሮት ነው፤ አይወቀስም። ነገር ግን ቅጠሉ የአፈሩ ጥላም ምግብም ነው። የጎፍ ላይ ጽድ ሥር ቅጠሉን ገለጥ ብታደርጉት ከታች ያለው ብስባሽ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፤ በተጠረገው ቦታ አፈሩ በጣት ሲታሽ ይበናል።

በቁጥር ማየት ለሚፈልግ፦ በአንድ ቁልቁለት ላይ ከተጠረገና ካልተጠረገ ቦታ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ውሰዱ። ወዲያው በፕላስቲክ ካልታሰረ መንገድ ላይ ይደርቅና ውጤቱ ይበላሻል። 100 ግራም መዝናችሁ በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቁ። 80 ግራም ከቀረ፣ የጠፋው 20 ለ80 ሲካፈል እርጥበቱ 25 በመቶ ነው። ባክቴሪያ ለማስመርመር ግን ይህን የደረቀውን አትላኩ፤ ሌላ ናሙና በቅዝቃዜ ይያዝ።